የውሃ ፓምፕ ሞተርን ለክረምት እንዴት እናስቀምጠው?

ሰኔ ግም ሲል የቦርከና ወንዝ ይደፈርሳል፤ መስኖውም ይቆማል። ኮምቦልቻ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲያጠጣ የከረመው የቤንዚን ፓምፕ እስከ ጥቅምት ሥራ ይፈታል። ፓምፕ ደግሞ ሠርቶ ከሚበላሸው ተቀምጦ የሚበላሸው ይብሳል። እኔ አንድ ዓመት ታንኩ በግማሽ እንደተሞላ ጥግ ላይ ጣልኩት። በጥቅምት ገመዱን ስስብ ስስብ ትከሻዬ ወለቀ እንጂ ሞተሩ ትንፍሽ አላለም። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ሲፈታ ውስጡ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ቡናማ ነገር ተጋግሮበታል። ቤንዚን ወራት ሲቀመጥ እንዲህ ያደርጋል።

ከማጠብ ጀምሩ። የወንዙ ውሃ ደለል ስላለው ደለሉ ፓምፑ ሆድ ውስጥ ይደርቃል። ሞተሩን ደጅ አውጡት፤ ጭሱ ስለሚገድል ቤት ውስጥ አታስነሱት። በርሜል ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ የሚስበውን ቱቦ እዚያ ክተቱ። የሚተፋውንም ወደዚያው በርሜል መልሱት። አለበለዚያ በርሜሉ ወዲያው ያልቃል። ፓምፑ ያለ ውሃ ከተሽከረከረ ደግሞ የውስጥ ማሸጊያው ይቃጠላል። የሞተሩን ፍጥነት ዝቅ አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ይሥራ። ከዚያ የነዳጅ መዝጊያውን ዝጉና ራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረችውን ቤንዚን አቃጥሎ ይጨርሳታል።

ትኩስ እያለ ዘይቱን ቀይሩ። ትኩስ ዘይት ስለሚቀጥን ቆሻሻውን ይዞት ይወጣል። ለ5.5 ወይም ለ6.5 ፈረስ ጉልበት ሞተር 0.6 ሊትር ገደማ ይበቃል። አሮጌውን በጀሪካን አጠራቅሙ፤ ወንዙ ውስጥ ግን አትድፉት።

ሲበርድ ታንኩን አራግፉ፤ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎንም ፈትታችሁ የተረፈውን አንጠባጥቡ። ይህ ሁሉ ለቤንዚን ነው። ናፍጣ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ባዶ ታንክ ውስጥ እርጥበት ወደ ውሃ ስለሚለወጥ ሞልታችሁ አስቀምጡት።

ብዙ ሰው የሚዘልለው ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ነው። ፍቱትና በቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ንጹሕ የሞተር ዘይት ጨምሩ። ዘይቱ እንዳይረጫችሁ ቀዳዳውን በጨርቅ ሸፍናችሁ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሁለት ሦስቴ ሳቡ። ካንዴላውን መልሱ። አሁን እንደገና በዝግታ ሳቡ፤ ገመዱ ክብድ ሲላችሁ ተዉት። እዚያ ላይ የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ቫልቮች (መዝጊያዎች) ሁለቱም ስለሚዘጉ እርጥበት ወደ ሲሊንደሩ አይገባም። የሐረጎን ዳገት አቋርጣችሁ ደሴ የምታስቀምጡት ከሆነ ይቺን አትናቋት። የጦሳ ተራራ ጉም በር ቢዘጋበትም ይገባል።

የፓምፑን የታች ብሎን ፈትታችሁ ውሃውን እስከ ጠብታው አፍስሱ። ቱቦዎቹን ሳታጥፉ ጠቅልላችሁ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሏቸው፤ አይጥ ጎማ ትወዳለች።

ቦታው ከእሳትና ከምድጃ የራቀ ይሁን። መሬት ላይ ሳይሆን ጣውላ ላይ አስቀምጡት። ላስቲክ ያልበዋልና በአሮጌ አንሶላ ሸፍኑት። የጭስ ማውጫውንም በጨርቅ ድፈኑት፤ ግን ጨርቁ ላይ ቀይ ክር አስራችሁ አንጠልጥሉ። ጎረቤቴ ክሩን ሳያስር ቀርቶ በጥቅምት ግማሽ ቀን ገመድ ሲጎትት ዋለ። በመጨረሻ መካኒክ ጠራ። መካኒኩ ጨርቁን መዘዘ፣ ሒሳቡን ተቀበለና ሄደ።