ቤተሰብን በቤቱ ፎቶ ማንሣት፦ ለአማተሮች የሚሆን መመሪያ

ለሠርግ ወይም ለምርቃት ተከፍሎት የሚመጣ ባለሙያ የተሻለ ካሜራ፣ የተሻለ መብራትና የዳበረ ልምድ ይዞ ይመጣል፤ ሆኖም ማክሰኞ ማታ እናት የልጇን ፀጉር ስትጎነጉን፣ ወይም አያት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ምስር ሲለቅሙ እዚያ ቤት አይገኝም። በዚያ ሰዓት በቤቱ ያለው፣ ቤተሰቡም አይቶት የማይደነግጠው ሰው ፎቶ ማንሣት የሚወድ የቤቱ ልጅ፣ አባት ወይም አክስት ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ምክር ይህን ቅርበት ወደ ጥሩ ፎቶ ለመለወጥ የሚረዳ ሲሆን፣ የመሣሪያ ነገር የሚነሣው ለዚሁ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነው።

በመሣሪያ ረገድ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የተሠራ መካከለኛ ስልክ ይበቃል፤ ከማንሣትዎ በፊት ግን ሌንሱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ቅቤና ዘይት በነካ ጣት የተያዘ ስልክ ፎቶውን ጭጋግ ያለበሰው ስለሚመስል፣ ብዙ ሰው ካሜራው የተበላሸ እየመሰለው ያማርራል። ካሜራ መግዛት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ያገለገለ ካሜራና ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳው እስከ ኤፍ 1.8 የሚከፈት (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል) ዙም የሌለው ሌንስ ቢገዛ ከውድ አዲስ ካሜራ የበለጠ ይጠቀማል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው፤ ነገር ግን በአብዛኞቹ የጀማሪ ካሜራዎች ላይ ያለው ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ አነስተኛ በመሆኑ ይህ ሌንስ ወደ 75 ወይም 80 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጠባብ እይታ ይሰጣል፤ በጠባብ ሳሎን ውስጥ አንሺውን ከግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ለቤት ውስጥ 35 ሚሊ ሜትሩ ይሻላል።

ብርሃኑን መምረጥ

ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ወጥታ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ ስትወጣም ስትወርድም ወደ ቀጥታ የተጠጋ መንገድ ስለምትከተል፣ ለፊት የሚስማማው ለስላሳ ብርሃን ብዙ አይቆይም። በግቢ ውስጥ ለማንሣት ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው። ችግሩ የበዓል ምሳ የሚቀርበውና ዘመድ የሚሰበሰበው በ7 ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና በየዓይን ጉድጓዱና ከአፍንጫ ሥር ጥቁር ጥላ በምትጥልበት ሰዓት መሆኑ ነው። እንዲህ ሲሆን ሰዎቹን ወደ በረንዳው ጥላ ያስገቡና ፊታቸውን ወደ ደማቁ ግቢ እንዲያዞሩ ያድርጉ፤ ከግቢው የሚንጸባረቀው ብርሃን ፊትን እኩል ያበራዋል። በስቶክሆልም ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖር አንባቢ ጉዳዩ ይገለበጥበታል፤ እዚያ በክረምት ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ብላ ስለምትውል እኩለ ቀንም ለፎቶ ምቹ ነው፣ ቀኑ ግን ቶሎ ይመሻል።

ወደ ቤት ውስጥ ሲገባ፣ በብዙ የአገራችን ቤቶች ትልቁ መስኮት የተከፈተው በር ነው። የሚነሣውን ሰው ከበሩ አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያስቀምጡት፣ ብርሃኑ ከጎን በኩል ፊቱ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ፣ የሳሎኑን አምፖልም ያጥፉ። የአምፖል ቢጫ ብርሃንና ከውጭ የሚገባው ሰማያዊ ቀመስ ብርሃን በአንድ ፊት ላይ ሲገናኙ ግማሹ ጉንጭ ብርቱካናማ፣ ግማሹ አመድማ ሆኖ ይወጣል፤ ይህንንም በኋላ በአፕሊኬሽን ማስተካከል አድካሚ ነው። የስልክ ፍላሽን በተመለከተ የኔ አቋም ቁርጥ ያለ ነው፦ ቤተሰብ ለማንሣት ባይከፍቱት ይሻላል።

ማታ በአምፖል ብርሃን ማንሣት ግድ ሲሆን ሌላ እንቅፋት ይመጣል። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ፣ ብዙ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ዓይን ሳያየው በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚዘጋው የካሜራው ሹተር በጣም ከፈጠነ በፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ይጋደማሉ። ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ መስመሮቹን ያጠፋቸዋል።

ነጭ ልብስና ጠይም ፊት

የሐበሻ ልብስ በሚለበስበት ቀን ሁሉ የሚደጋገም አንድ ስሕተት ስላለ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ አድርጎ ለማውጣት የተሠራ ነው። በመሆኑም ፍሬሙን የሞላው ነጭ ቀሚስና ነጠላ ሲሆን፣ ካሜራው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ነጠላው ግራጫ፣ የሰውየውም ፊት ጥቁር ጥላ ይሆናል። በስልክ የሚያነሡ ከሆነ ፊቱ ላይ ጣትዎን ተጭነው ያቆዩ፤ ፎከሱና የብርሃኑ መጠን በዚያ ላይ ይቆለፋል፣ ከዚያም የፀሐይ ምልክቷን በጥቂቱ ወደ ላይ ይግፉ። በካሜራ ከሆነ የብርሃን ማካካሻውን ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ (ስቶፕ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ከፍ ያድርጉት።

ከመጠን በላይ ከፍ ከተደረገ ደግሞ የነጠላው ሽመናና የጥለቱ ቀለም ድራሹ ይጠፋል። ሁለቱን ለማስታረቅ ዋናው ዘዴ ብርሃኑን ማለስለስ ነው፤ በጥላ ሥር ወይም በበሩ አጠገብ በነጩና በጠይሙ መካከል ያለው ልዩነት ስለሚጠብ፣ ካሜራው ሁለቱንም ይይዛቸዋል። በቀጥታ ፀሐይ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ግን ፊቱን ይምረጡ።

ከልብስ ሌላ የሚያስቸግረው የአካባቢው ቀለም ነው። ለሠርግ ወይም ለክርስትና በሰማያዊ ሸራ የተጣለ ድንኳን ሥር የተቀመጠ እንግዳ ሁሉ ፊቱ ሰማያዊ ይሆናል፤ ደማቅ አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳም አጠገቡ የቆመውን ሰው ጉንጭ አረንጓዴ ያደርገዋል። ሰዎቹን ወደ ድንኳኑ አፍ ማስጠጋት፣ ከግድግዳውም ሁለት እርምጃ ያህል ማራቅ ከማንኛውም ማስተካከያ ይበልጣል። ማራቅ ካልተቻለ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ ማድረግ የሚያሳፍር አይደለም።

ቡና ሲፈላ

ለመለማመድ ከቡና የተሻለ አጋጣሚ የለም፤ ረጅም ነው፣ ደረጃው የታወቀ ነው፣ በየሳምንቱም ይደገማል። አብዛኛው ሰው ረከቦቱን ከላይ አንሥቶ ያበቃል። እርስዎ ግን አስቀድመው ቦታ ይምረጡ። የዕጣንና የቡና ጭስ ከፊት ለፊት ብርሃን ሲመታው አይታይም፤ ብርሃኑ ከኋላው ወይም ከኋላ ጎኑ ሲመጣና ጀርባው ጨለም ያለ ሲሆን፣ ለምሳሌ የጓዳው በር ከኋላ ሲውል፣ እያንዳንዱ የጭስ መስመር ተለይቶ ይወጣል። ስለዚህ ቡና የምታፈላዋ ሴት ከመቀመጧ በፊት ረከቦቱን በመስኮቱ ትይዩ እንድታደርገው ይጠይቋት፤ እርስዎም ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ከፊቷ ይቀመጡ።

የተቆላው ቡና ለእንግዶች ሲዞር ካሜራዎን ከምጣዱ ላይ አንሥተው ወደ ሰዎቹ ያዙሩት። እያንዳንዱ ሰው ጭሱን በእጁ ወደ ራሱ ሲስብ ለአፍታ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ፊቱም ይፈታል፤ ያንን ፊት በትእዛዝ ማግኘት አይቻልም። ከጀበናው የሚወርደው ቀጭን ቡና ጠርቶ እንዲታይ 1/250 ሰከንድ ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ለዚህም አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃንን የሚቀበልበትን የስሜት መጠን፣ እስከ 1600 ወይም 3200 ማውጣት አይፍሩ። ትንሽ ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ከደበዘዘ ፎቶ ይሻላል። አቦል ላይ ሰው ሁሉ ካሜራውን ያያል፤ ቶና ላይ ይረሳዋል፤ በረካ ላይ ጨዋታው ሞቆ ሳቁ ሲበዛ የሚነሡት ፎቶዎች አብዛኛውን ጊዜ የዕለቱ ምርጦች ናቸው።

ሰዎቹን ማክበር፣ መጠበቅ

አረጋውያን ካሜራ ሲያዩ «ቆይ ልጄ፣ ነጠላዬን ላስተካክል» ይላሉ፤ ጀርባቸውን ቀና፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ይቀመጣሉ። ፎቶ በፎቶ ቤት ብቻ፣ በቀጠሮና በክት ልብስ በሚነሣበት ጊዜ ያደጉ በመሆናቸው ይህ ለእነርሱ ክብር ነውና «ፈገግ ይበሉ» እያሉ አያስቸግሯቸው። ያንን ቆፍጣና ፎቶ በጥንቃቄ አንሥተው ያሳዩዋቸው፤ ብዙውን ጊዜ እንዲታጠብላቸው የሚፈልጉት እርሱኑ ነው። ከዚያ በኋላ ካሜራውን ጭንዎ ላይ አድርገው ጨዋታዎን ይቀጥሉ። ፎቶው ያለቀ ሲመስላቸው እጃቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ይስቃሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ይቆጣሉ፤ ሁለተኛውን ፎቶ ያኔ ያንሡ።

ለልጆች ይንበርከኩ፤ ከላይ ወደ ታች የተነሣ ሕፃን ግንባር ብቻ ይሆናል። ለሚሮጥ ልጅ ቢያንስ 1/500 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ ይህም በቀን ብርሃን ውጭ ካልሆነ ስለሚያስቸግር፣ ማታ ቤት ውስጥ ሲሮጡ ከማሳደድ ሥዕል ሲሥሉ ወይም ሲበሉ ማንሣት ይቀላል። ፎከሱ ለካሜራው ቅርብ በሆነው ዓይን ላይ ይሁን። በስልክ በጣም ተጠግተው ካነሡ ሰፊው ሌንስ አፍንጫን ያገዝፋል፤ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው በሁለት እጥፍ ማቅረቢያው ይጠቀሙ።

የጋራ ፎቶ ሲሆን ትልልቆቹ በመሐል ወንበር ላይ፣ ሕፃናት ከፊት መሬት ላይ፣ ጎልማሶች ከኋላ ይሁኑ፤ ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ካለ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 8 ያጥቡት፤ አለዚያ የኋላው ረድፍ ይደበዝዛል። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው ሦስት ሲባል እንዲከፍቱ ማድረግ የተጨፈነ ዓይንን ይቀንሳል። ከእነዚህ ፎቶዎች በአንዱ ላይ እርስዎም ይኑሩ፤ አማተር ፎቶ አንሺ ከገዛ ቤተሰቡ አልበም የሚጠፋ ሰው ነው። ስልኩን በደረት ቁመት ቡፌው ላይ አስደግፈው 10 ሰከንድ የሚቆጥረውን ሰዓት ይክፈቱ፣ ወይም ለአሥራ ሁለት ዓመቷ የእህትዎ ልጅ ይስጧት።

ለቅሶ ቤት ካሜራ ማውጣት ተገቢ አይደለም፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ካልጠየቁ በቀር። በቤተ ክርስቲያን ለክርስትና ሲሄዱ አስቀድመው ካህናቱን ያስፈቅዱ። የሌላ ሰው ልጅ ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከመለጠፉ በፊትም ወላጁ ይጠየቅ።

ማስቀመጥ፣ ማሳጠብ፣ ስም መጻፍ

ፎቶዎቹን በዚያው ሳምንት ይምረጡ፤ ተመሳሳይ ከሆኑት አንዱን ብቻ አስቀርተው ሌላውን ያጥፉ። ካሜራው ቀኑን የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነና ከእኛው ጋር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለው፣ በፎልደሩ ስም ላይ ሁለቱንም ይጻፉ፤ «2024 ጃንዋሪ፣ የ2016 ገና፣ እማማ ቤት» ቢባል ከሃያ ዓመት በኋላ የልጁ ዕድሜ አያከራክርም። አንድ ቅጂ ከስልኩ ውጭ በሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሌላው ደግሞ በሌላ ዘመድ ቤት ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ይቀመጥ።

ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች በቴሌግራም ሲልኩ በፋይል መልክ ይላኩ፤ በተለመደው መንገድ ሲላክ መጠኑ ስለሚቀነስ በስልክ ላይ ቢያምርም ሲታጠብ ጥራቱ ይወርዳል። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ፎቶ 1200 በ1800 ፒክሰል ያህል ሲበቃ፣ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል 20 በ30 ግን ወደ 2400 በ3600 ያስፈልጋል። የታጠበውን ፎቶ ጀርባ በእስክሪብቶ ተጭነው አይጻፉበት፣ ጽሑፉ በፊት በኩል ያብጣል፤ በቀጭን ማርከር ጠርዙ ላይ ጽፈው እስኪደርቅ ይጠብቁ።

ቤት ውስጥ ያሉት አሮጌ ፎቶዎችም የዚሁ ሥራ አካል ናቸው። በአዲስ አበባ የፎቶ ቤት ሥራ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ነበሩ፣ ልጆቻቸውም ሥራውን ቀጥለዋል። በአሮጌ ፎቶ ጀርባ የፎቶ ቤት ማኅተም ካገኙ ቦታውንና ዘመኑን ለመገመት ስለሚረዳ ጀርባውንም ያንሡት። ፎቶውን በመስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አጋድመው፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከላይ ትይዩ አድርገው ያንሡ፤ ስካነር ካለ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት) ይምረጡ። ከመስተዋቱ ጋር የተጣበቀ ፎቶን ለመላጥ አይሞክሩ፣ ምስሉ መስተዋቱ ላይ ይቀራል፤ ነጸብራቁን በስልኩ ዙሪያ ጥቁር ጨርቅ ይዘው ከከለሉ በመስተዋቱ ላይ እንዳለ ማንሣት ይቻላል። ይህን ሲያደርጉ ፎቶውን የሚያውቁት አያት ወይም አጎት አጠገብዎ ይቀመጡ፤ የስልኩን ድምፅ መቅጃ ከፍተው ከግራ ወደ ቀኝ እያንዳንዱን ሰው እየጠቆሙ ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደተነሣ ይጠይቋቸው፤ የድምፁንም ፋይል ከፎቶው ጋር በአንድ ስም ያስቀምጡት።