ለፖከር ተጫዋች ገንዘብ ከማዋጣታችሁ በፊት

ውጭ አገር ፖከር (በገንዘብ የሚደረግ የካርታ ጨዋታ) ለሚወዳደር ጓደኛቸው፣ ካሸነፈ ድርሻ ሊያገኙ፣ የውድድር መግቢያ የሚያዋጡ የደብረ ማርቆስ ልጆች ሲያማክሩኝ፣ መጀመሪያ «ተጻፈ ወይ?» እላለሁ። እኛ ጋ መሬት የእኩል ሲታረስ እንኳ ዘሩን ማን እንደሚያወጣ ቀድሞ ይነገራል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ጄሚ ጎልድ የተባለ ተጫዋች ላስ ቬጋስ ላይ በፖከር ውድድር 12 ሚሊዮን ዶላር ሲያሸንፍ፣ ክሪስፒን ሌይሰር የተባለ ሰው «ግማሹን ቃል ገብቶልኛል» ብሎ ከሰሰው። በስምምነት ነው ያለቀው።

ዋጋውን አስሉ። መግቢያው 1,000 ዶላር ሆኖ ተጫዋቹ የድርሻውን ግማሽ በ1.2 እጥፍ ዋጋ ከሸጠ፣ ለ500 ዶላሩ ድርሻ 600 ይቀበላል። ትርፉ 100 የችሎታው ነው፤ ነውር የለውም፣ ግን በግልጽ ይናገር።

ከድርሻው ጠቅላላ ስንት በመቶ እንደሸጠ ጠይቁ። ከ100 በላይ ከሸጠ ሌብነት ነው፤ ሲሸነፍ ለማንም የሚከፍለው ስለሌለ እሱ ያተርፋል። ካልተወዳደረ ደግሞ ገንዘባችሁን ወዲያው ይመልስ።