ስለ መንሳፈፍና መስጠም ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ፊዚክስ አስተምራለሁ። የእፍግታን ትምህርት የምጀምረው «ሚስማር ውሃ ውስጥ ለምን ይሰጥማል?» ብዬ በመጠየቅ ነው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ከባድ ስለሆነ!» ይለኛል። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ መልስ ነው፤ ምክንያቱም ከተማሪው ጋር አብሮ ያድጋል። በምህንድስና የተመረቀ ሰው ሳይቀር ሲናገረው ሰምቻለሁ።

እስቲ ነገሩን እንመልከተው። አራት ጎልማሶች ተጋግዘው የሚሸከሙት ደረቅ የዋንዛ ግንድ ወንዝ ላይ ይንሳፈፋል። ሕፃን በሁለት ጣቱ የሚያነሳው ሚስማር ግን ይሰጥማል። ወሳኙ ክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር። መጠየቅ ያለበት «ይህን ያህል ቦታ የሚይዝ ውሃ ስንት ይመዝናል?» ተብሎ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል። የአንድ ሊትር ቦታ የሚይዝ ብረት 7.8 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ይሰጥማል፤ ያንኑ ቦታ የሚይዝ ደረቅ ዋንዛ ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ ይንሳፈፋል። እፍግታ ማለት ይኸው ነው፤ መጠነ ቁስ ለይዘት (ለሚይዘው ቦታ) ሲካፈል። ይህ ንጽጽር የገባው ተማሪ ቀመሩን ቢረሳው እንኳ ራሱ መልሶ ያገኘዋል። ቀመሩን ብቻ የሸመደደው ግን ፈተናውን አልፎ በማግስቱ «ከባድ ስለሆነ» ማለቱን ይቀጥላል።

ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። ብዙ መምህራን ለማሳያ ቡሽና ድንጋይ ይዘው ይገባሉ። ቀላሉ ቡሽ ይንሳፈፋል፣ ከባዱ ድንጋይ ይሰጥማል፤ የተሳሳተው ሐሳብም በማስረጃ ተደግፎ ይጸናል። እባካችሁ ትልቅ ሻማና ትንሽ ጠጠር ይዛችሁ ግቡ። ከተገኘም ፑሚስና ዞጲ ጨምሩበት። ፑሚስ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ብሎኬት አምራቾች የሚጠቀሙበት ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ሆኖ ይንሳፈፋል። ዞጲ ደግሞ እንጨት ሆኖ ይሰጥማል። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ «ድንጋይ ይሰጥማል፣ እንጨት ይንሳፈፋል» ከሚለው አባባልም አብሮ ይገላገላል።

ሻማው ለሁለት ሲቆረጥ እፍግታውም በግማሽ ይቀንሳል የሚሉ አሉ። አይቀንስም፤ ክብደቱም ይዘቱም እኩል ስለሚቀንሱ ሁለቱም ቁራጮች እንደ ሙሉው ይንሳፈፋሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው «የሚንሳፈፈው አየር ስላለበት ነው» የሚለው ነው። ይህ ግማሽ እውነት ስለሆነ ለማረም ያስቸግራል። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በውስጡ ብዙ አየር እንደሚይዝ እውነት ነው። ታንኳው ውሃ ላይ ብዙ ሲቆይ ውሃ እየመጠጠ ዝቅ ይላል፤ ለዚህም ነው ባለቤቶቹ ዳር አውጥተው የሚያደርቁት። ነገር ግን ዘይትም ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሻማም እንዲሁ፤ በውስጣቸው የአየር ክፍተት የለም። አየር የራሱ የማንሳት ተአምር የለውም። ቦታ ይይዛል፣ ክብደቱ ግን እጅግ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ የጠቅላላውን አካል እፍግታ ያወርዳል። የብረት መርከብም የሚሰላው ብረቱና በሆዱ ያለው አየር አንድ ላይ ተወስደው ነው። ሆዱ ተቀዶ አየሩ በውሃ ሲተካ ያው ብረት ይሰጥማል።

ዘይትን ካነሣሁ አይቀር፣ ወፍራም ፈሳሽ ሁሉ እፍግታው ከፍተኛ ነው ማለት ስህተት ነው። አንድ ሊትር የምግብ ዘይት 920 ግራም ገደማ ሲሆን አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ሁለቱም ከውሃ ይልቅ ቀስ ብለው ይፈስሳሉ፤ ዘይቱ ከውሃ በላይ ይሰፍራል፣ ማሩ ከታች ይቀመጣል።

የሰጠመ ነገር ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል የለም ብለው የሚያምኑትን ወደ ጉድጓድ ውሃ እወስዳቸዋለሁ። በገመድ ውሃ የቀዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሞላው ባልዲ ውሃው ውስጥ ሳለ ቀላል ነው፣ ከውሃው ወለል ሲወጣ ድንገት እጅ ይጎትታል። የሰራኩሱ አርኪሜድስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ውሃ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል በነገሩ ተገፍቶ ቦታ ከለቀቀው ውሃ ክብደት ጋር እኩል ነው። ባልዲው አንዴ ሙሉ በሙሉ ከጠለቀ በኋላ የበለጠ ቢወርድም ግፊያው አይጨምርም።

«እንቁላል ይሰጥማል» ብሎ ማቆምም ጎደሎ ነው። በምን ውስጥ? በንጹሕ ውሃ ከሰጠመ በኋላ ጨው እየተጨመረ ሲሟሟ ያው እንቁላል ወደ ላይ ይመጣል። በአፋር አሳሌ ሐይቅ ዋና የማይችል ሰው የሚንሳፈፈውም በጨው ብዛት ነው። ብረት እንኳ በሜርኩሪ ላይ ይንሳፈፋል፤ የሜርኩሪ እፍግታ ከውሃ 13.6 እጥፍ ነውና።

በቤተ ሙከራ የድንጋይን እፍግታ ስትለኩ መጀመሪያ ድንጋዩን መዝኑ፣ ከዚያ ይዘቱን ለማወቅ ወደ ውሃ አስገቡት፤ የረጠበ ድንጋይ ሚዛኑን ያሳስታል። ድንጋዩ ላይ የተለጠፉ አረፋዎችን አራግፉ። የብረትን እፍግታ 7.8 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ብላችሁ አትጻፉ፤ 7,800 ነው። በ7.8 ከሄድን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የብረት ክምር ልጅ ይሸከመው ነበር።

የመጨረሻው የሙቀት ነገር ነው፤ ይህ ከክፍል ውጭም ሰው ይጎዳል። ቤተሰቦቹ ወተት የሚያቀርቡ አንድ ተማሪዬ «ውሃ ተጨምሮበታል» ተብሎ ወተታቸው እንደተመለሰባቸው እያዘነ ነገረኝ። ስጠይቀው ያደረሱት ገና እንደታለበ፣ ትኩሱን ነበር። የአንድ ሊትር ወተት ክብደት 1.03 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ከውሃ የሚበልጠው በ30 ግራም ያህል ብቻ ነው። ወተት ሲሞቅ ስለሚሰፋ ይህ ትንሽ ልዩነት ይጠባል፤ ላክቶሜትሩም (ወተት ውስጥ ተንሳፍፎ እፍግታውን የሚያሳየው መለኪያ) ውሃ የተቀላቀለበት ይመስል ዝቅ ይላል። መደረግ ያለበት ወተቱን መለኪያው ወደተሠራበት የሙቀት መጠን አብርዶ እንደገና መለካት ነው። በተቃራኒው፣ ቅባቱ ተገፍፎ ውሃ የተጨመረበት ወተት መለኪያው ላይ ትክክለኛ ሊመስል ይችላል፤ ቅባቱ ሲወጣ እፍግታው ይጨምራል፣ ውሃው ደግሞ መልሶ ያወርደዋል። ስለዚህ ተቀባዩ የቅባቱንም መጠን ለብቻው መመርመር አለበት።