ስቴካ ከመግዛታችሁ በፊት ሻፍቱን እወቁት

ስቴካ ፑል የምንመታበት ዘንግ ነው፤ ሻፍቱ ደግሞ ኳሷን የሚመታው ቀጭኑ የፊት ግማሹ ነው። ለስቴካ ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ክርና ማስመሪያ ይዛችሁ ወደምትጫወቱበት ፑል ቤት ሂዱ። ክሩን በኳሷ ወገብ ላይ አንድ ዙር አጥብቃችሁ ጠምጥሙና ዘርግታችሁ ለኩት። 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከመጣ ኳሷ 57.2 ሚሊ ሜትር ናት። በዓለም የ8 ኳስና የ9 ኳስ ውድድሮች ላይ የምናያት እሷ ናት። 16 ከሆነ ትንሿ የእንግሊዝ ፑል ኳስ ናት፤ 16.5 ላይ ካረፈ ደግሞ የስኑከር። ነጯን፣ በስቴካ የምትመታዋን ኳስ፣ ለብቻዋ ለኩ፤ በአንዳንድ ጠረጴዛ ላይ ከሌሎቹ ትለያለች።

ይህ ልኬት የሻፍቱን ጫፍ ውፍረት ይወስናል። ለ57.2 ሚሊ ሜትር ኳስ ጫፉ ከ11.8 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ለትንንሾቹ ኳሶች ከ8.5 እስከ 10 በቂ ነው። ወፍራም ጫፍ በትንሽ ኳስ ላይ የምትመቱበትን ነጥብ ይሸፍንባችኋል። ቀጭኑ የስኑከር ጫፍ ደግሞ 160 ግራም ገደማ የምትመዝነውን ትልቋን ኳስ ሲመታ ይንቀጠቀጣል፤ ጫፉ ላይ የተለጠፈው ቆዳም ቶሎ ያልቃል። ደሴ ላይ በአንዱ፣ ኮምቦልቻ ላይ በሌላው ዓይነት ኳስ የምትጫወቱ ከሆነ፣ ብዙ ሰዓት ለምታሳልፉበት ጠረጴዛ ምረጡ። ለሁለቱም የሚመች መካከለኛ ሻፍት ፍለጋ ብር አትጨርሱ።

አሁን ወደ ባለሙያዎቹ። ብዙ ሰው በስልኩ የሚያየው ተጫዋች የያዘውን ስቴካ ስም አይቶ ነው የሚያዝዘው። የስፖንሰር ውል ግን ስለ ሻፍቱ ጥራት የሚናገረው ጥቂት ነው። አምራቹ ለተጫዋቹ ስቴካና መለዋወጫ ሻፍቶች ይሰጣል፤ ለታላላቆቹ ገንዘብም ይከፍላል፣ ሲያሸንፉ ጉርሻ ይጨምራል። በምላሹ ተጫዋቹ የአምራቹን ዓርማ በሸሚዙ ያደርጋል፣ በውድድር ላይም የሱን ስቴካ ብቻ ይዞ ይወጣል። ከታች ያሉት አብዛኞቹ የሚያገኙት ስቴካውን ብቻ ወይም የዋጋ ቅናሽ ነው። ለባለሙያው ሻፍት ቢጣመም ሌላ ይላክለታል። ለእናንተ ግን የተጣመመው ሻፍት ያው ያላችሁ ሻፍት ነው። በምርጫችሁና በሱ ምርጫ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው።

አሜሪካዊውን የፑል ተጫዋች ሼን ቫን ቦኒንግን ውሰዱ። ለረጅም ዓመታት ስፖንሰሩ የስቴካ አምራቹ ኪውቴክ ሆኖ ቆይቷል። የዩኤስ ኦፕን የ9 ኳስ ዋንጫን እ.ኤ.አ. በ2007፣ በ2012፣ በ2013፣ በ2014 እና በ2016 ወስዷል። ከካርቦን ፋይበር የሚሠራውን ሻፍት በሰፊው ያስተዋወቀው ሬቮ፣ የፕሬዴተር ኩባንያ ሻፍት፣ ገበያ ላይ የወጣው በ2016 ነው። ስለዚህ ከአምስቱ ዋንጫዎች አራቱ የተገኙት ዛሬ ሁሉም የሚመኘው ዓይነት ሻፍት ሳይስፋፋ ነው። አንድ አምራች ራሱ ሦስት ውፍረት ይሸጣል፤ ሬቮ በ11.8፣ በ12.4 እና በ12.9 ሚሊ ሜትር አለ። ስለዚህ ስሙን ማወቅ ብቻውን ምን እንደምትገዙ አይነግራችሁም። ከባለሙያው መማር ከፈለጋችሁ የጫፉን ውፍረት፣ የቆዳውን ጥንካሬ፣ የፊት እጁ ከነጯ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ አመልካች ጣቱን ጠቅልሎ ይሁን እጁን ዘርግቶ ስቴካውን እንደሚያሳልፍ ተመልከቱ።

ጣት መጠቅለሉ ለሻፍቱ ቅርጽ ወሳኝ ነው። አንዳንድ ሻፍት ከጫፉ ጀምሮ ከ25 እስከ 38 ሴንቲ ሜትር ድረስ ውፍረቱ እኩል ነው። ጣታችሁን ቀለበት አድርጋችሁ የምታሳልፉ ከሆነ ይህ ይመቻችኋል፤ ወደፊት ስትገፉ ቀለበቱን አያጨናንቀውም። ሌላው ከጫፉ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየወፈረ ይሄዳል። ጠጣር ነው፣ እጅን ዘርግቶ ለሚጫወት ጥሩ ነው፤ ጣቱን ለሚጠቀልል ግን በየምቱ መጨረሻ ላይ ያዝ ያደርገዋል።

ስለ ሻፍት ከሚነገረው ሁሉ ትልቁ ነገር የነጯ ሽሽት ነው። ነጯን ከመሃሏ በስተቀኝ ስትመቷት ካለማችሁበት መስመር ትንሽ ወደ ግራ ትሸሻለች። ምክንያቱ የሻፍቱ ጫፍ ክብደት ነው። ቆዳውና ኳሷ የሚነካኩት ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት ኳሷ እየተሽከረከረች ጫፉን ወደ ጎን ትገፋዋለች፤ ጫፉ ከባድ ከሆነ ደግሞ እሷን መልሶ ይገፋታል። ለዚህ የሚቆጠረው የመጨረሻው 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አምራቾች ሽሽትን የሚቀንሱት ጫፉን አቅጥነው፣ ውስጡን ቦርቡረው፣ ከቆዳው ሥር ያለውን ነጭ ቀለበት አሳጥረውና አቅልለው ነው። ካርቦንም ጥቅሙ ከዚህ ይመጣል፤ ባዶ ቱቦ ሆኖ ሳለ ጠንካራ ነው።

ሁለት ሻፍት ለማወዳደር ጠረጴዛው ይበቃል። ነጯን በአንደኛው አጭር ወገን በኩል፣ በመሃለኛው መስመር ላይ አስቀምጡ። ፊት ለፊት ባለው ስፖንዳ (የጠረጴዛው ላስቲክ ጠርዝ) መሃል ላይ ትንሽ ምልክት አድርጉ። መጀመሪያ መሃሏን መቱ። ምልክቱን ነክታ በመጣችበት መስመር ካልተመለሰች ወይ ክንዳችሁ ነው ወይ ጠረጴዛው አልተስተካከለም፤ እሱን ሳታርሙ ሻፍት አትፈትኑ። ከዚያ ስቴካውን ሳታዞሩ፣ ሁለቱን እጆቻችሁን እኩል አሻግራችሁ ከመሃሏ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ፣ ጠንከር አድርጋችሁና ስቴካውን በተቻለ መጠን አጋድማችሁ መቱ። ከምልክቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ እንዳረፈች ጻፉ። በየሻፍቱ አሥር አሥር ጊዜ ደጋግሙና አማካዩን አወዳድሩ። ቀስ ብላችሁ ከመታችሁ ወይም እጀታውን ከፍ ካደረጋችሁ ኳሷ መንገድ ላይ ተጠማዝዛ ስለምትመለስ ፈተናው ይበላሻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ሽሽት የሚቀንስ ሻፍት ሽሽትን አያጠፋም። ለዓመታት በተራ 13 ሚሊ ሜትር ሻፍት የተጫወተ ሰው እጁ ሽሽቱን አስልቶ ማለምን ለምዷል፤ አዲሱን ሲይዝ አብዝቶ ስለሚያስተካክል ለሳምንታት ይስታል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ነው ሻፍቱ መጥፎ ነው ብለው በርካሽ የሚሸጡት። ደግሞም ዛሬ በራሳችሁ፣ ነገ በፑል ቤቱ ስቴካ የምትጫወቱ ከሆነ ዓይናችሁ አንዱንም አይለምድም። ሁልጊዜ ይዛችሁት ልትወጡ ካልሆነ በደንብ የተሠራ ተራ የሜፕል እንጨት ሻፍት ይሻላችኋል።

ካርቦን ወይስ እንጨት? የሁለቱ ከተሞች አየር እዚህ ላይ ይገባል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ይገባል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሙቀት ውስጥ ናችሁ። እንጨት እርጥበት ይስባል፣ ይለቅቃል፤ አንዱ ወገኑ ከሌላው ይልቅ ሲደርቅ ይጣመማል። ካርቦን ይህ ችግር የለበትም። ኮምቦልቻ ላይ እጅ ሲያልበው እንጨት ይይዛል፣ ካርቦን በቀላሉ ይንሸራተታል። ለዚህ ብቻ ከሆነ ግን የሦስት ጣት ጓንት በጣም በትንሽ ብር ያንኑ ያደርጋል። የደሴ ክረምት ደግሞ ጨርቁን ያረጥብና ኳሱን ያዘገያል፤ ሻፍት አትውቀሱ።

ሻፍት ለብቻው የምታስመጡ ከሆነ ብዙ ብር የሚጠፋው መገጣጠሚያው ላይ ነው። ከጅዳ ወይም ከዱባይ ለሚመጣ ዘመድ "ጥሩ ሻፍት አምጣልኝ" ማለት በቂ አይደለም። የእጀታችሁን ብሎን ውፍረት በካሊፐር ለኩ፤ ከዚያ በ25.4 ሚሊ ሜትር ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ ቁጠሩ። 9.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ 10 ጥርስ ካለው ሦስት ስምንተኛ በ10 ይባላል። 7.9 ሚሊ ሜትር ሆኖ 14 ወይም 18 ጥርስ ካለው አምስት አሥራ ስድስተኛ በ14 ወይም በ18 ነው። ብሎኑ ጥርሱ ጥቂት ሆኖ ከፊሉ ልሙጥ ከሆነና በሁለት ሦስት ዙር የሚገጥም ከሆነ ዩኒሎክ የሚባለው ፈጣን መገጣጠሚያ ሊሆን ይችላል። 14ቱንና 18ቱን በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ በግድ ከገጠማችሁ ጥርሱ ይበላል፣ እሱን ማዳን ለቶርኖ ቤትም ከባድ ነው። ከዚህ ጋር የመገጣጠሚያውን ውፍረት (ዲያሜትር) ላኩ፤ ብዙ ጊዜ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱም 29 ይሁን 30 ኢንች ግለጹ። ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ብሎኑን ፎቶ አንሱለት።

ዕቃው ሲደርስ ሰው ፊት ፈትሹት። ሻፍቱን ለብቻው በጠረጴዛው ላይ አንከባልሉና ከሥሩ የሚታየውን ብርሃን ተመልከቱ፤ ብርሃኑ እየሰፋ እየጠበበ ከመጣ ተጣሟል። እጀታውንም እንዲሁ። ሁለቱም ለየብቻ ቀጥ ብለው ሲገጠሙ ከተወዛወዙ ችግሩ መገጣጠሚያው ፊት ላይ ነው። የእንጨቱን መስመሮች ተከተሉ፦ ከጫፍ እስከ ታች ቀጥ ብለው መሄድ አለባቸው፤ በጎን ወጥተው የሚቆረጡ ከሆነ በዚያ በኩል ይጎብጣል። ጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣቦች ግን ለዓይን እንጂ ለምት አያስቸግሩም። ሻፍቱን በሁለት ጣት አንጠልጥላችሁ በሌላ እጅ አንኳኩት፤ የሚንኮሻኮሽ ወይም የታፈነ ድምፅ ካለው ቀለበቱ ለቅቋል ወይም ውስጡ ተሰንጥቋል።

ቆዳውን ራሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ፤ ደሴ ላይ ለዚህ ሰው ከምትፈልጉ መማሩ ይሻላል። አሮጌውን በምላጭ አንሱ፣ የቀለበቱን ፊት ከሙጫ አጽዱ፣ ግን አታጉብጡት። የአዲሱን ቆዳ ሥር በጠፍጣፋ ነገር ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። ለ13 ሚሊ ሜትር ሻፍት 14 ሚሊ ሜትር ቆዳ ግዙ፤ ትርፉ ይቆረጣል። ወፈር ያለ ሱፐር ግሉ ትንሽ ጠብታ አድርጋችሁ መሃል ላይ አጥብቃችሁ ጫኑና ለጥቂት ሰዓት ተዉት። ከዚያ ሻፍቱን ገልብጣችሁ ቆዳውን በጣውላ ላይ አስደግፉ፣ ትርፉን በአዲስ ምላጭ ከቀለበቱ ወደ ጣውላው ቁረጡ። ጎኑን አርጥባችሁ በደረቅ ቆዳ ፈትጉት፤ ካልፈተጋችሁት እንደ እንጉዳይ ይሰፋል። አናቱ እንደ ስሙኒ ጠርዝ ጎበጥ ያለ ይሁን። ጠፍጣፋ ከሆነ ኳሷን በጎኗ ስትመቱ ጠርዙ ይነካና ይንሸራተታል። ካርቦን ላይ ቆዳ ለማንሳት እሳት አታስጠጉ፣ ምላጩም ቱቦውን አይንካ።

ስቴካውን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ አትተዉት፤ ቀትር ላይ ኮምቦልቻ በቆመ ሚኒባስ ውስጥም እንዲሁ። የእንጨት ሻፍትን በመጠኑ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉና ወዲያው አድርቁ። በየጨዋታው ብርጭቆ ወረቀት የሚያሹት አሉ፤ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየበላ 13 የነበረው ሻፍት ሳይታወቃቸው 12.6 ይሆናል። በጠረጴዛ ጠርዝ ተመትቶ የገባ ቦታ ካለ በላዩ የረጠበ የጨርቅ ቁራጭ አስቀምጡ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንጨቱ ራሱ አብጦ ይመለሳል። ሲደርቅ በወረቀት ፈትጉት። ካርቦንን በጨርቅና በትንሽ አልኮል መጥረግ በቂ ነው፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን በመጋዝ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት፤ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው።