የቻሞችን ግንብ በክብሪት ቀፎ ጡብ እንዴት እንደምትሠሩ

ቬትናም ውስጥ ኛ ትራንግ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። እዚያ ወንዙ ባሕር ከሚገባበት አጠገብ፣ ኮረብታ ላይ፣ ፖ ናጋር የሚባሉ የጡብ ግንቦች ቆመዋል። የሠሯቸው ቻም የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው። ትልቁ ግንብ ከ20 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ጣሪያውን የተሸከመውም ጡቡ ራሱ ነው። ፎቶውን ለእህቴ ልጅ ሳሳያት «ታዲያ ለምን አይወድቅም?» አለችኝ። በአፍ ባስረዳት ባስረዳት አልገባ አላት። እዚሁ ሐዋሳ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ አብረን ሠራነው። እናንተም ከልጆች ጋር ሞክሩት፣ ግን በበጋ ይሁን፤ በክረምት ጭቃው አይደርቅላችሁም።

መጀመሪያ ጭቃውን። የኛ ግቢ አፈር አሸዋ ስለሚበዛው ሲደርቅ ይፈረፈራል። ስለዚህ ጀበና ከሚሠሩ እናቶች ግማሽ ማዳበሪያ ሸክላ አፈር ግዙ። ጠጠሩን ልቀሙ፣ በውሃ ለውሱት፣ በላስቲክ ሸፍናችሁ አሳድሩት። በማግስቱ እሹትና እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው ደርሷል ማለት ነው።

ቅርጽ ማውጫው የክብሪት ቀፎ ነው። የውስጡን መሳቢያ አውጡና ታቹን ቆርጣችሁ ጣሉት። ጎኑን ዘይት ቀቡ፣ ጭቃውን ጠቅጥቃችሁ ሙሉ፣ ከዚያ በአውራ ጣት ወደ ታች ገፋ። አንድ ጡብ ወጣ። ወረቀቱ ቶሎ ስለሚረጥብ ከየጎረቤቱ ባዶ ቀፎ ቀደም ብላችሁ ሰብስቡ። 400 ያህል ጡብ ያስፈልጋችኋል። ብዙ ይመስላል እንጂ ሦስት ልጆች ከተሰለፉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጥላ ውስጥ 4 ቀን ይድረቅ። ፀሐይ ላይ እንዳታሰጡት፤ የኛ የመጀመሪያው ዙር ግማሹ የተሰነጠቀው በዚህ ነው።

እስኪደርቅ ተረቱን ንገሯቸው። ፖ ናጋር ግንቦቹ የተሠሩላት አምላክ ናት። ቻሞቹ ከሰማይ ደመናና ከባሕር አረፋ ተወለደች ይላሉ፣ የሀገር እናት ናት። ቬትናሞቹ ደግሞ በኋላ ስለ እሷ የራሳቸውን ታሪክ አክለውበታል፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1856 በድንጋይ ላይ ተቀርጾ እዚያው ቆሟል። እንዲህ ነው። ልጅ የሌላቸው ሽማግሌና ባልቴት ሐብሐብ ያበቅላሉ። ሐብሐቡ በበሰለ ቁጥር ይጠፋባቸዋል። ሽማግሌው ሌሊት አድፍጠው ሲጠብቁ፣ አንዲት ልጅ በጨረቃ ብርሃን ሐብሐቡን እየተጫወተችበት ያገኟታል። ወስደው እንደ ልጃቸው ያሳድጓታል። አንድ ቀን ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ልጅቷ ድንጋይ ከምራ፣ አበባ ሰክታ፣ ትንሽ ተራራ ሠራች። አባትየው ተቆጧት። ከፋት። ጎርፍ ያመጣው የኡድ ግንድ ውስጥ ገባችና ግንዱ ወደ ባሕር ይዟት ሄደ። ኡድ ስል ያንኑ ቤት ውስጥ የምናጨሰውን ማለቴ ነው። ግንዱ ሩቅ ሰሜን፣ ቻይና ዳርቻ ላይ ቆመ። ሽታው ሰውን ሁሉ ሰበሰበ፣ ግን የሚያነሳው ጠፋ። የንጉሡ ልጅ መጥቶ ብድግ አደረገው። አገባት፣ ሁለት ልጆች ወለዱ። ቆይቶ ሀገሯ ናፈቃት፣ ልጆቿን ይዛ በዚያው ግንድ ተመለሰች። አሳዳጊዎቿ ሞተዋል። መቃብራቸውን አሳመረች፣ ሕዝቡን እርሻ አስተማረች፣ ከዚያም ወደ ሰማይ ወጣች።

የእህቴ ልጅ ስለ ንጉሡ ልጅ አንድም ነገር አልጠየቀችም። «ትንሿ ተራራስ የት ደረሰች?» አለችኝ። እኛ እንሠራታለን አልኳት።

ጡቡ ሲደርቅ ፊት ለፊቱን እርስ በርስ ፈትጉት፣ ለጥ ብሎ እንዲገጥም። በእውነተኞቹ ግንቦች ላይ በጡብና በጡብ መሃል ያለው መስመር እምብዛም አይታይም። በምን እንዳጣበቁት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የዛፍ ሙጫ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኛ ቀጠን ያለ ጭቃ ቀብተናል።

መሬቱን አስተካክላችሁ በአራት ማዕዘን ጀምሩ። ውስጡ 12 በ12 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይሁን፣ ግድግዳው አንድ ጡብ ርዝመት ይወፍር። በሩ ወደ ምሥራቅ ነው። ሐዋሳ ላይ ይሄ ቀላል ነው፣ ጀርባችሁን ለሐይቁ ስጡ፣ አለቀ። የበሩን ራስ በጠፍጣፋ ድንጋይ ዝጉት፣ እነሱም በራቸውን በድንጋይ ነው የሠሩት። በሌሎቹ ሦስት ጎኖች ላይ የማይከፈት በር ይቀረጻል፤ አክሱም ሐውልት ግርጌ ያለውን በር ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ጡቦቹን ትንሽ ወደ ውጭ ገፋ አድርጋችሁ ቅርጹን አውጡ። ጌጡን በመጨረሻ፣ ሁሉም ከቆመ በኋላ፣ በምስማር ፋቁ። ቻሞቹም እንደዚያው ነበር፤ መጀመሪያ ደርድረው፣ ከዚያ የቆመውን ግድግዳ ይቀርጹት ነበር።

እዚህ ላይ ልጆቹ ለምን ጡብ ብለው ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ የእንጨት ነበር። እ.ኤ.አ. በ774 በመርከብ የመጡ ወራሪዎች አቃጠሉት። ንጉሥ ሳትያቫርማን በ784 በጡብ አሠራው። በ918 ደግሞ የፖ ናጋርን የወርቅ ምስል አቆሙ፣ በ950 ክመሮች፣ የካምቦዲያ ሰዎች፣ ዘርፈው ወሰዱት፣ በ965 በድንጋይ ምስል ተተካ።

ግድግዳው 10 ረድፍ ሲሞላ ጣሪያው ይጀመራል፤ የሥራው ልብ ያለው እዚህ ነው። ጡቡን ርዝመቱ ወደ ውስጥ እንዲያመለክት አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ከታችኛው 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ይለፍ። ቀጣዩም 1፣ ቀጣዩም 1፣ ከአራቱም አቅጣጫ እኩል። አሁን ልብ በሉ። ከኋላ በኩል ጭራው ላይ ሌላ ጡብ ጫኑበት። ያ ክብደት ነው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ የሚይዘው። እኛ መጀመሪያ ይሄን ስላላደረግን አምስተኛው ረድፍ ላይ ሁሉም ወደ ውስጥ ተደረመሰና ልጆቹ ጸጥ አሉ። ሁለተኛ ጊዜ ጭራውን እየጫንን ስንሄድ ጫፉን በጣት ብንጫነው እንኳ ንቅንቅ አላለም። ከውጭ በኩል በየሁለት ረድፉ ትንሽ ወደ ውስጥ ግቡ፤ ያን ጊዜ ደረጃ ደረጃው ይወጣል፣ እያንዳንዱ ደረጃ የታችኛውን ግንብ በትንሹ ይመስላል። ቻሞቹ ጋ መሠረቱ የምድር፣ መሃሉ የመንፈስ፣ ጣሪያው የአማልክት ዓለም ነው።

ስድስተኛው ረድፍ ላይ አራቱ ጎኖች ይገናኛሉ። አናቱ ላይ አንድ ድንጋይ አስቀምጡ። የእህቴ ልጅ በየደረጃው ጥግ ላይ አበባ ሰካችበት።

ከዚያ መሬት ላይ ተኙና የስልክ መብራት አብርታችሁ በበሩ ወደ ላይ ተመልከቱ። ውስጡ ጌጥ የለውም፣ እውነተኛውም እንደዚሁ ጨለማና ጠባብ ነው። ጡቦቹ በአራት በኩል ደረጃ እየሠሩ፣ እየጠበቡ፣ አንድ ነጥብ ላይ ሲዘጉ ታያላችሁ። «አሃ፣ ተያይዘው ነው» አለች፣ ጉንጯ አፈር ላይ እንዳለ።