«ለአባትሽ እነግራለሁ» የሚለውን ማስፈራሪያ እንዴት እናክሽፍ?

ሐዋሳ ውስጥ አሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች ፍቅር መጀመራቸውን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። ከትምህርት ቤት መልስ ፍቅር ሐይቅ ዳር ብቅ ማለት ይበቃል። ዩኒፎርማቸውን በጃኬት ሸፍነው ጥንድ ጥንድ ብለው ይቀመጣሉ። የሴት ተማሪዎች ክበብ የምመራ መምህርት ነኝ፤ ይሄ ብቻውን አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ልጅቷ «ልሂድ» ስትል ልጁ ስልኳን ሲነጥቃት ነው። በጥፊ ቢመታትም ቤት ገብታ ትንፍሽ አትልም። «ለአባትሽ እነግራለሁ» ብሏታላ! ይህ ማስፈራሪያ የሚሠራው ከልጁ ይልቅ ቤቷ የሚያስፈራት ልጅ ላይ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከቤት ነው።

1. ነገር ሳይመጣ ቃል ግቡላት

ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። ብዙ ወላጅ ልጁን አስቀምጦ ምክር ይጀምራል። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «እሺ» ትላለች፤ አለቀ። እንዲህ ፊት ለፊት ተፋጦ ወሬ አይወጣም። ሽንኩርት እየከተፋችሁ፣ ልብስ እያሰጣችሁ ወይም ገበያ ስትሄዱ መንገድ ላይ ሞክሩት። አጭር ይሁን፦ «የፈለገ ነገር ቢፈጠር፣ አንቺ ያጠፋሽው ቢኖርም፣ መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ። አልጮህብሽም።» አባትየውም ይኼንኑ በራሱ አፍ ቢላት ማስፈራሪያው ግማሽ ጉልበቱን ያጣል።

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። ልጅቷ የራሷን ጉዳይ በቀጥታ አታወራም። «አንዲት ጓደኛዬን ቦይፍሬንዷ መታት» ትላለች። ጓደኛዋ እውነተኛ ልትሆን ትችላለች፤ ራሷም ልትሆን ትችላለች። ለማጣራት አትሩጡ። «ምን ልትሠራ ሄዳ? ከእሷ ጋር እንዳላይሽ!» ያላችሁ ዕለት በሩ ተዘጋ። «ውይ፣ አሁን እንዴት ናት? ምን ብናግዛት ይሻላል?» በሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ወሬው ሌላ ቁራጭ ይዞ ይመለሳል።

ልጅቷ በመጨረሻ የራሷን ስትናገር ደግሞ ፊታችሁን ተቆጣጠሩ። አንድ የማውቃቸው አባት በንዴት የልጃቸውን ስልክ ሰበሩ። ልጅቷ በጓደኛዋ ስልክ መደወል ቀጠለች፤ ለእሳቸው መናገሩን ግን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ስልክ መስበርም፣ ከትምህርት ቤት ማስቀረትም፣ ልጁን ሄዶ መደብደብም አልወድም። ሦስቱም የሚቀጡት የተናገረችውን ነው።

2. ቁጥጥርን ከፍቅር ለዩ

«ካልቀና አይወደኝም» የሚል እምነት ክበባችን ውስጥ ሳይቀር አለ። ፓስወርድሽን ስጪኝ፣ ያንን ቀሚስ አትልበሺ፣ ከእነ እገሌ ጋር አትሂጂ፣ ያለሽበትን ፎቶ አንስተሽ ላኪ። ዱላው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። እኔ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ዛሬ አልመጣም ብትይው ምን ይፈጠራል?» «ይከፋዋል» ካለች ጤነኛ ነው። ዝም ካለች ወይም «ኧረ አይቻልም!» ካለች ወሬውን ቀጥሉ።

3. ወንዱን ልጅም አትዝለሉት

«ሴት እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው» የሚለውን ከሰፈር ሰምቶ ያድጋል። ቤት ውስጥ የሚያርመው ከሌለ ያንኑ ይዞ ይሄዳል። እሱም ራሱ ሊደበደብ፣ በፎቶም ማስፈራሪያ ሊደርስበት ይችላል። «ወንድ አይደለህ?» የሚል መልስ ከጠበቀው አይናገርም።

4. ስልኩንና መለያየቱን አንድ ላይ ጨርሱ

መለያየት ብዙ ጊዜ አደገኛው ሰዓት ነው። «ለመጨረሻ ጊዜ እንገናኝ» ሲላት ብቻዋን እንዳትሄድ። በስልክ ብትነግረው ነውር የለውም። ከዚያ በፊት ማስፈራሪያዎቹን ስክሪንሾት አድርጋ ለምታምነው ሰው ትላክ። ደሟ ፈልቶ ቻቱን እንዳታጠፋው። ቀጥሎ ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ ገብታ «ዲቫይስስ» የሚለውን ትክፈት፤ የማታውቀው ስልክ ካለ ታስወጣው፤ የሁለት ደረጃ ፓስወርድም ታብራ። የጎግል ማፕ ሎኬሽን ሼሪንግንም ትይ። ብዙዎች ይህን ይረሱታል።

5. ጉዳት ከደረሰ

የመደፈር ጉዳይ ከሆነ መጀመሪያ ሆስፒታል። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያውም በቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሻለው። ከምርመራው በፊት ባትታጠብ ይመረጣል። የለበሰችው ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ መረጃውን ያበላሻል። ታጥባ ከሆነም ሳትሄድ እንዳትቀር። ፖሊስ ዘንድ መሄድ ሕክምናውን አያዘግየው።

ሽማግሌ ልኮ በዕርቅ መጨረስ እዚህ ጋ አይሠራም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ ጠላፊው በኋላ ቢያገባትም ከክስ አያመልጥም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ ጋር ግንኙነት የፈጸመ ሰው «እሺ ብላኛለች» ማለቱ አያድነውም። መኪና ይዘው ትምህርት ቤት በር ላይ የሚቆሙት ጋሼዎችም ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ቤት መመለስ የማትችል ከሆነ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ሐዋሳ ላይም መጠለያ ከፍቷል። የት እንደሆነ በሰፈር አይጠየቅም፤ አድራሻው የማይታወቀው ለደኅንነታቸው ነው። በፖሊስ ወይም በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ በኩል ጠይቁ፤ ስትሄዱም አብራችኋት ሂዱ።