ኤምጂቢን በቤት ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በእንግሊዝ አገር አቢንግደን በሚገኘው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 የተሠራችው ኤምጂቢ የተባለች ትንሽ የስፖርት መኪና ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። መለዋወጫዋ እስከ ዛሬ እንደ ልብ ስለሚገኝና 1798 ሲሲ ሞተሯ ውስብስብ ስላልሆነ፣ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና በግቢው ማደስ ለሚጀምር ሰው ከእሷ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ሆኖም ይህ ቅለቷ ብዙ ሰው ያዘናጋል። ተጀምረው ከቀሩት መኪኖች መካከል እኔ ያየኋቸውን አብዛኞቹን ለዚያ ያበቃቸው ዝገቱ ሳይሆን የሥራው ቅደም ተከተል መዛባት ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ከበሮቹ ሥር ያለውን ላሜራ አካሉን ሳይደግፉ መቁረጥ ነው። ላንድሮቨር የለመደ የአገራችን መካኒክ አካሉ በሻንሲ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ አንዱን ላሜራ አውጥቶ ሌላ ቢተካ መኪናው ቅርጹን እንደማይለቅ ያውቃል። ኤምጂቢ ግን የተለየ ሻንሲ የላትም፤ ክብደቷን የሚሸከመው አካሏ ራሱ ነው። በተለይ ጣሪያዋ በሚታጠፈው ሞዴል ላይ፣ ከበሮቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚዘልቁት እንደ ሳጥን የተበየዱ ላሜራዎች ዋና ምሰሶዎቿ ናቸው። እኔ የመጀመሪያዋን ስሠራ መኪናዋን በፊትና በኋላ ጫፏ ብቻ ደግፌ የግራውን ጎን ቆረጥሁት። አዲሱን ላሜራ በይጄ በማግሥቱ በሩን ልዘጋ ስሞክር የላይኛው የኋላ ጠርዙ ከአካሉ ጋር ተጋጨ፤ አምስት ሚሊሜትር የነበረው ክፍተት ወረቀት የማያሳልፍ ሆኗል። መኪናዋ መሐሏ ላይ ጎብጣ ነበርና የበየድሁትን ሁሉ በመፍጫ ቆርጬ እንደገና መጀመር ግድ ሆነብኝ።

ትክክለኛው አሠራር መኪናዋን በጎማዋ የቆመች ያህል ክብደቷ በሚያርፍባቸው ቦታዎች ደግፎ፣ ከመቁረጥ በፊት የበሩን ክፍት ቦታ ከማጠፊያው ምሰሶ እስከ መቆለፊያው ምሰሶ በብረት ማያያዝና አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሻገር ነው። አዲሱን ላሜራ በነጥብ በነጥብ ብቻ ከያዙት በኋላ በሩን መልሰው ይስቀሉት፤ ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን ሳያዩ ብየዳውን አይጨርሱ። የውጪው ላሜራ ደህና መስሎ ከውስጡ ያለው ተበልቶ ስለሚገኝ፣ የውጪውን ብቻ ለውጦ በስቱኮ መሸፈን ዝገቱን ከማሳደር አያልፍም። ባትሪውን ሳይነቅሉና የነዳጅ ታንከሩን ሳያወጡ ብየዳ መጀመር ደግሞ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ስህተት ነው።

ሁለተኛው ስህተት በቡሎንና በመፍቻ ላይ የሚፈጸም ነው። የኤምጂቢ ቡሎኖች አብዛኞቹ የኢንች ጥርስ ያላቸው ናቸው። በብዛት የሚገኘው የአምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች ቡሎን ውፍረቱ 7.94 ሚሊሜትር በመሆኑ፣ ከመደብር የተገዛ ባለ 8 ቡሎን በዓይን ሲታይ ያው ይመስላል፤ አንድ ዙር ያህልም ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥንካሬ የመጥበቅ ሳይሆን ጥርሱ የመበላት ምልክት ነው። የዚሁ ቡሎን ራስ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ባለ 13 መፍቻ እየተንሸራተተ ጠርዙን ይበላዋል። ስለዚህ በኢንች የተለካ የመፍቻ ስብስብ ከሁሉ አስቀድሞ ሊገዛ ይገባል። የተፈታውንም ዕቃ ሁሉ ፎቶ አንስቶ፣ ከየት እንደወጣ በተጻፈበት ከረጢት ማስቀመጥ ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣውን ግራ መጋባት ያስቀራል።

በሞተሩ ላይ ሰፊ ትኩረት የሚሻው ቴስታታው፣ ማለትም ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው። ይህ ሞተር የተሠራው ቤንዚን እርሳስ ይጨመርበት በነበረበት ዘመን ሲሆን፣ እርሳሱ የጭስ ማውጫ ቫልቮቹን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቅ ነበር። በብሪታንያ እርሳስ ያለበት ቤንዚን እ.ኤ.አ. ከ1999 መጨረሻ ጀምሮ ለጠቅላላው ገበያ መቅረቡ ስለቆመ፣ መቀመጫው በቀጥታ በቴስታታው ብረት ላይ የተቀረጸበት ሞተር በከፍተኛ ፍጥነት ሲነዳ ቫልቩ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ምልክቱ በቀዝቃዛ ሞተር 0.38 ሚሊሜትር ሊሆን የሚገባው የቫልቭ ክፍተት በተስተካከለ ቁጥር መልሶ መጥበቡ ነው። ይህ ካልታየ ለወጪ መቸኮል አያስፈልግም፤ ቴስታታው በሌላ ምክንያት ከወረደ ግን ጠንካራ መቀመጫ ሳያስገቡ መልሶ መግጠም ዕድልን ማባከን ነው።

አዲስ ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚያስከፍተውን ዘንግ የገጠመ ሰው ሞተሩን አስነሥቶ ዝም ብሎ በዝቅተኛ ዙር ሊያዳምጠው ይፈልጋል፤ ደስታው ይገባኛል። ነገር ግን ካምሻፍቱ የሚጠፋው በዚያች ሰዓት ነው። በዝቅተኛ ዙር ወደ ካምሻፍቱ የሚረጨው ዘይት አነስተኛ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ካንዴላዎቹን አውጥቶ የዘይት ግፊቱ እስኪነሣ ሞተሩን በሞተሪኖው ማዞር፣ ሞተሩ ከተነሣም በኋላ ለ20 ደቂቃ ያህል በደቂቃ ከ2000 ዙር በላይ ማቆየት ያስፈልጋል። የሚጨመረው በቂ ዚንክ ያለው 20W-50 ዘይት ይሁን። ካምቢዮውም የሚጠቀመው ይህንኑ የሞተር ዘይት ነው፤ ለዲፈረንሻል የሚሆነውን ወፍራም ዘይት በካምቢዮ ውስጥ መጨመር የነሐስ ክፍሎቹን ሊጎዳ ይችላል።

እስከ 1967 የተሠሩት ኤምጂቢዎች የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ጫፍ ከአካሉ ጋር የተገናኘ ነው። ይህን ሳያረጋግጡ ዘመናዊ ሬዲዮ ወይም ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ የሚገጥሙ ሰዎች ዕቃውን ወዲያው ያቃጥሉታል። መብራት ሲደክም ደግሞ አዲስ የሽቦ መስመር ከመዘርጋት በፊት ጥቁሮቹ ሽቦዎች ከአካሉ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ይበጃል።

ጉልበት መጨመር የሚፈልግ ሰው ፍሬኑን ረስቶ ከሞተሩ መጀመር የለበትም። ፋብሪካው ራሱ ከ1973 እስከ 1976 ድረስ 3528 ሲሲ የሮቨር ቪ8 ሞተር ገጥሞ 2591 መኪኖች ሲሠራ፣ የፊት ፍሬኑን አጠንክሮ ራዲያተሩንም ወደ ፊት አዛውሮ ነበር። በብሪታንያ 40 ዓመት የሞላው መኪና ከዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ነጻ የሚሆነው ባለፉት 30 ዓመታት መሠረታዊ ለውጥ ካልተደረገበት ብቻ መሆኑንም ከመቁረጥ በፊት ማሰብ ያሻል።

በመጨረሻ፣ ሞተሩ ሲንገጫገጭ ቤንዚንና አየር የሚያደባልቁትን ሁለቱን ኤስዩ የተባሉ ካርቡራተሮች ነቅሎ በሌላ መተካት የተለመደ ስህተት ነው። እነዚህ ካርቡራተሮች የሚስተካከሉት የቫልቭ ክፍተቱና ማቀጣጠያው ትክክል ከሆኑ በኋላ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የአንዱን ካርቡራተር ፒስተን አንድ ሚሊሜትር በማይሞላ ከፍታ ብቻ ያንሡትና ድምፁን ያዳምጡ። ዙሩ ጨምሮ በዚያው ከቆየ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ሞተሩ ሊጠፋ ካለ አንሷል፤ ለቅጽበት ጥቂት ከፍ ብሎ ከተመለሰ ተስተካክሏል። ከታች ባለ ስድስት ጠርዝ ዳዶ ባላቸው ካርቡራተሮች ላይ ዳዶውን አንድ ጠርዝ ብቻ ያዙሩ፤ ወደ ላይ ሲሄድ ቤንዚኑ ይቀንሳል፣ ወደ ታች ሲሄድ ይጨምራል። ከዚያ ፒስተኑን እንደገና አንሥተው ያዳምጡ።